ድምፁ የጠፋው ፊልም

አቶ ምናሉ ባሕር ማዶ፣ ሞንትቤሎ በተባለው ሰፈራቸው፣ ከቤታቸው ሥር ባለው ቤዝመንት፣ ከከረንቡላው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸው ቆስሏል። ፕሮጀክተሩ አልቆመም፤ ያለቀው ፊልም ጫፍ ብቻ ይማታል። ፊልም ገና ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ዘመን የተቀረጸ አጭር ፊልም ነበር፤ ክራቫት ያሰረ ፈረንጅ የከረንቡላ ኳስ በጠርሙስ ላይ እያዘለለ ጉድ የሚያሳይበት።

መርማሪ እድላዊት ጎንበስ አለች። የድምፁ ማዞሪያ ዜሮ ላይ ነው። የሟቹ የእጅ ሰዓት መስታወት የለውም።

«እማማ፣ ይህን የነካ አለ?»

«ከቅዳሴ ስመለስ አየኋቸውና ጮህኩ እንጂ ምን ነካሁ!» አሉ የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሮማነወርቅ። ዓይናቸው ከልጃቸው ከጳውሎስ አልተነቀለም። «ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ የኔ ልጅ። አታስጨንቂብኝ፤ እህል እንኳ አልቀመሰም።»

ፊልሙን ጠዋት ያመጣው የሟቹ ወዳጅ ሱሩር ነው።

«ጋሽ ሱሩር፣ ተጣልታችሁ ነበር?»

«ሁሌ ነዋ! እንዲህ ያለ ፊልም ሲከፈት በኳሱ ኳኳታ ብቻ ምቱን ቀድሞ ይነግረኛል። አጭበርባሪ እለዋለሁ።» እንባው ቀደመው።

ጳውሎስ ያለ አባቱ ፈቃድ አግብቶ ከተኳረፉ ዓመት አልፏል።

«ዛሬ ልታረቅ መጣሁ» አለ። «ስወጣ ደህና ነበር። ዝም ብሎ ፊልሙን ያያል።»

እድላዊት ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ቁስሉ ከጠረጴዛው ጠርዝ ነው፤ ወንበሩ ላይ ያስቀመጣቸው ሌላ ሰው ነው። ፊልሙንም የከፈተው እሱ ነው፤ እያዩ የሞቱ እንዲመስል። አቶ ምናሉ ግን ያለ ድምፅ አይከፍቱም። ሰዓታቸውን በጣት ዳስሰው ነበር የሚያነቡት። እማማ፣ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፣ አይደል?»

ሮማነወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጁ እንዳይደነግጥ ብለን ነው... ትምህርቱን ጥሎ እንዳይመጣ።»

«እኔንም አስምሎኛል» አለ ሱሩር።

«ሁለታችሁ ታውቃላችሁ። አቶ ምናሉ የሚያዩ የመሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ጳውሎስ ብድግ አለ። «ኖ... የልጄን ፎቶ ሰጠሁት። ገልብጦ ያዘው። ‹በኋላ አየዋለሁ› ብሎ ኪሱ ከተተው። የልጄን ፎቶ፣ ማሚ! የናቀኝ መሰለኝ። ገፋሁት። ጭንቅላቱ ጠርዙን ሲመታው ልክ እንደ ኳስ ቋ አለ። ፊልሙ ሲጀምር ያው ድምፅ... ለዛ ነው ድምፁን ያጠፋሁት።»

«የኔ ልጅ፣ ሁሉን ነገር በኋላ ነበር የሚያዩት» አሉ እናቱ፤ «እኔ ስነግራቸው።»

እድላዊት ከሟቹ የደረት ኪስ ያወጣችውን ፎቶ ሰጠቻቸው። ፖሊሶች ልጃቸውን ይዘውት ሲወጡ እናትየው አልጮሁም። ወደ ቤዝመንት ወረዱ፤ ባዶው ወንበር አጠገብ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ግንባሯ የርስዎ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጣቷን አፏ ውስጥ ከታለች።»