ጌጥነሽ ከቅጽሩ ውጭ

በ፲፱፻፺፱ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሐምሌ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ያለው አገር በበቆሎ ተውጦ መንገዱ ጭቃ፣ ጅረቱ ሙላት ነበር፤ በየከተማው ለአዲሱ ሺህ ዓመት ሽር ጉድ ሲባል፣ በዚያች የገጠር ደብር ዙሪያ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያው ነበር።

ወይዘሮ ጌጥነሽ በየሰንበቱ የምታስቀድሰው ከቅጽሩ በር ውጭ ቆማ ነበር፤ ዶፍ ቢወርድም ወደ ውስጥ አትዘልቅም። የአገሩ ሰው ስለት ነው ብሎ ደመደመ፤ የሰው ስለት ደግሞ አይጠየቅም፣ ነውር ነው፤ ስለዚህ ካህኑም ጎረቤቱም በአክብሮት እጅ እየነሱ ያልፏት ነበር። እሷ ምስኪን ያንን ዝምታ እንደ ፍርድ ቆጠረችው። በምጥ ተሰቃይታ የሞተ ልጅ ከወለደች ወዲህ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት፣ ባሏም በዚሁ ሰበብ ፈቷት ነበርና፣ እንዲህ ሆኜ የእግዚአብሔርን ቤት እንዴት እረግጣለሁ ብላ ዓመታትን በደጅ አሳለፈች።

በዚያው ሐምሌ እህቷ ያምሮት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ አለቻት። ጌጥነሽ በደስታ አነባች፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ወረሳት፤ እምቢ ብትል እህቷን ታስቀይማለች፣ እሺ ብትል ሕፃኗን አቅፋ ወደ ውስጥ መግባት ሊኖርባት ነው።

ከብዙ ጭንቀት በኋላ፣ አንድ ሰንበት ቅዳሴ ሲያበቃ የደብሩን አገልጋይ አባ ይሄይስን በሩ ላይ ጠብቃ መስቀል ተሳለመች።

«አባቴ ይፍቱኝ፤ የእህቴን ልጅ ሌላ ሰው ክርስትና ቢያነሳትስ?»

«ምነው ልጄ፣ ስለትሽ ይከለክልሻልን?»

«የምን ስለት ነው አባቴ?»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። እሷም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሕመሟን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ሰምተው ሲጨርሱ እንደ ልጅ አለቀሱ።

«ይቅር በይኝ» አሏት። «ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የልብሱን ጫፍ ስትነካ፣ ጌታ ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ አላባረራትም። ይህን ወንጌል ስንት ጊዜ አነበብሁት፤ አንቺን ግን ሳልጠይቅ አለፍሁ። ደዌ ነው እንጂ ርኩሰት አይደለም፤ ግቢ። ነገም ወደ ሐኪም ትሄጃለሽ፤ እግዚአብሔር በሐኪም እጅም ይምራል።»

ጌጥነሽ እንደዚያው እንዳለች፣ የረጠበ ቀሚሷን እንደ ለበሰች ገባች፤ ደጀ ሰላሙን ተሳልማ ቀና ስትል የምትሆነውን አጣች።

ነሐሴ ሳያልቅ ከዘመድ ጋር ባሕር ዳር ወረደች፤ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። የሽንት ማውረጃው ቱቦ ተነቅሎላት ባደረች ማግሥት፣ በደረቀ አንሶላ ላይ ነቅታ እልልታዋን ስታቀልጠው ነርሷ ምን መጣ ብላ እየሮጠች ደረሰች፤ ነገሩን ስትረዳም አብራት እልል አለች።

በጥቅምት ሕፃኗ ወለተ ኢየሱስ ተብላ ክርስትና ተነሣች። ድግሱ ላይ በክርስትና እናቷ ጭን ላይ ሸናች፤ አዲሱ ቀሚስ ራሰ። ያምሮት ደንግጣ ልትቀበላት ብትነሣ፣ ጌጥነሽ ሕፃኗን አቅፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ «ተያት፣ የእሷ ነው» አለች።

የዚያ ዘመን ታሪክ ሲወሳ የበዓሉ ርችትና መብራት ይነሣል፤ ይነሣ፣ ደግ ነው። ስለ ጌጥነሽ የጻፈ የለም። አባ ይሄይስ ግን ከዚያ ወዲህ፣ እስኪያርፉ ድረስ፣ ቅዳሴ በወጣ ቁጥር መስቀላቸውን ይዘው ወደ በሩ ይሄዱ ነበር፤ ከደጅ የቆመ ካለ፣ ስለትም ይሁን፣ ነውርም ይባል፣ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» ሳይሉ አይመለሱም።