ልጅ ያለው ይመረጣል

የሰደበኝ ሰው ጁሊያን ፔዝ ይባላል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ኖቬምበር ገብቶ ዝናቡ ከባሕሩ በኩል በአግድም የሚገርፍበት ሰሞን። ቦታው የእንግሊዟ ግሪምስቢ፣ ገበያው ፊት ለፊት ያለ የቤት ደላሎች ቢሮ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ፈጠራ እንዳይመስላችሁ ነው። የሚዋሽ ሰው ስም ይረሳል። የተሰደበ ሰው አይረሳም።

እኔ ሮይስተን እባላለሁ። ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ቢላዋ ላይ ነው የምሠራው፤ ሥጋውን ከአጥንቱ እለያለሁ። ሚስቴ ከሌላ ሰው ጋር ስፔን ገብታለች፤ ስለ እሷ ይኼ ይበቃል። ልጃችንን ቴገንን የማሳድገው እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። ደሞዜ ለኪራይ ስለማይበቃ የጎደለውን መንግሥት ይሞላልኛል። እንደኔ ያለ ሠርቶ አደር በከተማው ሞልቷል። ቤት ፍለጋ ስንወጣ ግን ሁላችንም ሥራ ፈት ነን።

የነበርንበት ቤት ተሽጧል። ዓርብ መልቀቅ አለብን። እስከ ዓርብ ካላገኘሁ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ከተማ አንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ይከተናል። ሥራዬም፣ የቴገን ትምህርት ቤትም እዚሁ ይቀራሉ ማለት ነው።

«ድጎማ ትቀበላለህ?» አለኝ ፔዝ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል።

«እሠራለሁ።»

«የጠየቅኩህ እሱን አይደለም ጌታዬ።»

«እቀበላለሁ። ግን እሠራለሁ።»

«ልጅስ?»

«አንዲት።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ እንዲሰሙት አድርጎ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ ልጅ ቦታ ይፈጃል። ግድግዳ ይሞነጫጭራል። ድጎማው ደግሞ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። በዚያ ላይ...» አፍንጫውን በጣቱ ነካ አደረገ። «ሽታው ከምንጣፍ አይለቅም።»

አንዲት ሴት ሳቀች። ቀይ ሻርፕ አድርጋለች። እሷንም አልረሳኋትም።

ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ ማልኩ... ቤት አግኝቼ ቁልፉን በዚያ መስኮት ላይ አንኳኩቼ ካላሳየሁት ሮይስተን አይደለሁም አልኩ።

ወደዚያ ቤት የወሰደኝ ይኼ መሐላ ነው።

በማግስቱ የሰፈራችን ሱቅ መስኮት ላይ አንዲት ካርድ ተለጥፋ አየሁ። በእርሳስ የተጻፈች።

ሁለት መኝታ። ድጎማ ችግር የለውም። ልጅ ያለው ይመረጣል።

ደግሜ አነበብኳት። ዕድሜዬን በሙሉ ስከራይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ አጋጥሞኝ አያውቅም። መጠርጠር ነበረብኝ። ግን የራበው ሰው ዳቦውን ገልብጦ አያይም።

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሄድን። በዚያ ወር አሥር ሰዓት ማለት ድንግዝግዝ ነው። ቴገንን ከትምህርት ቤት እንደወሰድኳት ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳለች። ሲገዛ ሰፍቷት ነበር፤ አሁን እጅጌው ልክ የእጇ አንጓ ላይ ያልቃል።

«እጅህን ታጥበሃል አባ?»

«ታጥቤያለሁ።»

«ሁለቴ?»

«ሁለቴ።»

«እሺ። የማወራው ግን እኔ ነኝ። አንተ ትናደዳለህ።»

ቤቱ እርስ በርስ ከተያያዙት የጡብ ቤቶች የመጨረሻው ነው። እጄን ለማንኳኳት ሳነሳ በሩ ተከፈተ...

አጭር አሮጊት። ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታለች። ወይዘሮ ኦትሊ እባላለሁ አለች እንጂ እኔን አላየችኝም። ያየችው ቴገንን ነው። ከራሷ እስከ ጫማዋ። ልብስ ሰፊ እንደሚያይ።

«ዋስ የለኝም» አልኩ ቀድሜ። ውርደቱን አስቀድሜ ልጨርሰው ብዬ።

«ዋስ ምን ያደርግልኛል ልጄ።»

«ድጎማም...»

«አውቃለሁ። ግቡ፣ ብርድ ነው።»

«ልጅቷ አታስቸግርም። ብዙ ቦታ...»

«ልጅ ምን ቦታ ይፈጃል?» ሳቀች። «ደግሞ እየቆየ ምንም አይፈጅም።»

አልገባኝም። ግን ሳቅኩ። ሰው ቤት ሲፈልግ በማይገባው ነገርም ይስቃል።

«የሚጠይቃችሁ ዘመድ አለ?» አለች።

«እህት አለችኝ። አንነጋገርም።» እህቴ በገና በዓል ዕለት ምሳ ላይ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

«ጥሩ» አለች ወይዘሮ ኦትሊ።

ጥሩ...

ለምን ጥሩ?

ቤቱ ይሞቃል። ግድግዳው ደረቅ ነው፤ እኛ በነበርንበት ቤት ሻጋታው እስከ ኮርኒስ ወጥቶ ነበር። እስካሁን ያለችው ተከራይ ነገ ጠዋት እንደምትለቅ ወይዘሮ ኦትሊ ነገረችኝ። ተከራይ ሳይወጣ ቤት ማሳየት እዚህ የተለመደ ነው፤ ሁሌም ግን ያሳፍረኛል። የሰው ቁስል ገልጦ የማየት ያህል ነው።

ተከራይዋ ሴትዮ ወጥ ቤት ተቀምጣ ትሰፋለች። በእኔ ዕድሜ ናት። ግራጫ የተማሪ ቀሚስ ጫፉን እያጠፈች ታሳጥራለች። ሰላም አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች እንጂ ቀና አላለችም።

ማሞቂያው ላይ የልጅ ሹራብ እንዲደርቅ ተዘርግቷል። እጅጌው ተቆርጦ እንደገና ተሰፍቷል። ከሥሩ ጥንድ ጫማ አለ፤ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቋል... እግር እንዳይዋኝበት እንደሚደረገው።

የልጅ ድምፅ ግን የለም።

ትንሿን መኝታ ቤት አየኋት። ትልቅ አልጋ፣ የተነጠፈ። ትራሱ መሐል ላይ ጭንቅላት ያረፈበት ጎድጓዳ ነበር።

ጎድጓዳው ጡጫዬን አያክልም።

ድመት ይሆናል አልኩ። ድመት ነው።

ወደ ወጥ ቤት ስንመለስ መቃኑን አየሁት። ነጭ ቀለም የተቀባው የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ የተሰመሩ መስመሮች፤ በየመስመሩ አጠገብ ብሮኒ የሚል የልጅ ስም።

እናቴ እኔንም እንዲህ ትለካኝ ነበር። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ልጁን መቃን ላይ ይለካል። ተከራይ ግን አይለካም። ምልክት ከተገኘበት ሲለቅ ያስከፍሉታል። እኔ ቴገንን አንድም ቀን ለክቻት አላውቅም። ከቤት ቤት ስንንከራተት ማደጓን የማውቀው በጫማዋ ነው።

«እንለካሽ የኔ ቆንጆ?» አለች ወይዘሮ ኦትሊ።

«መጻፍ ይቻላል እንዴ እትዬ?» አልኳት።

«ቤታችሁ አይደል?»

ቤታችሁ። በዚህ ከተማ ይህን ቃል ያለኝ ሰው አልነበረም። ዓይኔ እንባ እንዳይታይበት ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቴገን ደስ ብሏት ተረከዟን ከመቃኑ አስጠጋች። አሮጊቷ እርሳሱን ከጆሮዋ አወጣች። መስመር አሰመረች። ቀስ ብላ ስሟን ጻፈች።

ስሟን ነግሬያት ነበር? አላስታውስም...

«ቁልፉን ላምጣ» ብላ ደረጃውን ወጣች። ቴገን ኮሪደሩ ላይ ቀረች።

«ለካቻት?»

ሴትዮዋ ናት። ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ፣ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«መቃኑ ላይ። ለካቻት ወይ?»

«አዎ።»

መርፌው ቆመ።

«እኔም አመስግኛት ነበር» አለች።

«አልገባኝም።»

«ከላይ ጀምረህ አንብበው።»

ወደ መቃኑ ተጠጋሁ። ከብሮኒ መስመሮች የላይኛው ደረቴ ድረስ ይመጣል። ሴፕቴምበር ይላል። ከእሱ በታች... ኦክቶበር። ከእሱ በታች... ገና።

ልጅ የሚያድገው ከታች ወደ ላይ ነው።

ከገና በታች ፋሲካ። ከፋሲካ በታች የበጋው ዕረፍት፣ ጉልበቴ ላይ። ከዚያ አጎነበስኩ። የመጨረሻው መስመር ቁርጭምጭሚቴ ዘንድ ነው። ወር የለውም።

ዛሬ ይላል።

«ለምን አልወጣሽም?» ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

ያን ጊዜ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ንዴት የለም። ድካም ብቻ።

«ወዴት? እኔም እንዳንተ ድጎማ እቀበላለሁ። ሆስፒታል ወለል እወለውላለሁ፣ ትሠሪያለሽ ወይ ብሎ ግን የጠየቀኝ የለም። ከነልጄ ማን አስገባኝ?»

«ነገስ የት ትሄጃለሽ?»

«አሁንማ ብቻዬን ነኝ ማለት ይቻላል» አለች። «ብቻውን ላለ ሰው ቤት አይጠፋም።»

ይህን ብላ እግሯ ሥር ያለውን የስፌት ቅርጫት ወደ ራሷ ሳበች። ያሳጠረችውን ቀሚስ አጠፈችና ቅርጫቱ ላይ ደረበችው። ቀስ አድርጋ። የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚደረገው።

ቅርጫቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተገላበጠ...

ኮሪደሩ ላይ ደርሼ የቴገንን ክንድ ያዝኩ። «እንሂድ።»

«ክፍሌን አላየሁም እኮ አባ።»

«እንሂድ አልኩ።»

ወይዘሮ ኦትሊ ደረጃው መሐል ቆማለች። አልተቆጣችም። ቁልፉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ይዛዋለች። ያ የማልኩበት ቁልፍ... ፔዝን የማሳየው... እጄን ብዘረጋ የምደርስበት።

«አልወደዳችሁትም?»

በሩን ከፈትኩ። ዝናቡ ፊቴን መታኝ።

«ነገ ዓርብ ነው ልጄ» አለች ከኋላዬ፣ ረጋ ባለ ድምፅ። «ሌላ ማን ይቀበላችኋል?»

እኔ መልስ አጥቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ለፔዝም፣ ለባለ ቀይ ሻርፗም፣ ለእህቴም መልስ አለኝ፤ ማታ ማታ እየደጋገምኩ የማጠናው። ለዚህ ጥያቄ ግን አላጠናሁም።

መንገዱን ይዘን ፈጠንን።

«አባ... ቀስ በል።»

«ቶሎ ቶሎ ተራመጂ።»

«ጫማዬ እየወለቀብኝ ነው።»

«ስንደርስ አስርልሻለሁ።»

«ታስሯል እኮ» አለችኝ።

ቆምኩ። ወደ ታች አየሁ።

እጇን የያዝኩ መስሎኝ ነበር። የያዝኩት የካፖርቱን እጅጌ ነው። ባዶውን ጫፍ። ጣቶቿ ከዚያ በላይ የሆነ ቦታ፣ ጨርቁ ውስጥ፣ ይንቀሳቀሳሉ።

አሮጊቷ ደጃፉ ላይ እንደቆመች ነው። ያንኑ ጥያቄ ደገመችልኝ። አልጮኸችም፤ ግን ጆሮዬ ሥር ያለች ያህል ሰማኋት።

ቴገንን አነሳኋት። ቀለለችኝ።

አቅፌያት ወደ ፊት ሄድኩ።