ጎርፍ የበላው ወሰን

ይህ ታሪክ ከእውነት ዝንፍ ያላለ ነው! አንዲት ፍሬ ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ!

እንደነዚያ ሁለት ወንድማማቾች የተዋደደ በምድር ላይ ታይቶ አይታወቅም። ከአባታቸው የወረሱትን ተዳፋት ማሳ አንዲት የወሰን ድንጋይ ለሁለት ከፍላው፣ ታላቅየው ከላይ፣ ታናሽየው ከታች ሲያርሱ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ታዲያ አንድ ክረምት ሰማዩ ተቀደደ! የኖኅን ውሃ ካፊያ የሚያስመስል ጎርፍ መጣና አፈሩን ልጦ፣ ዛፉን ነቅሎ፣ የወሰኑን ድንጋይ ጭምር ጠራርጎ ወሰደው።

መንግሥት ገበሬዎቹ ማሳቸውን በድንጋይ ካብ እንዲታደጉ የአስቸኳይ ጊዜ ድጎማ መደበ። ታናሽየው በንዳድ ተኝቶ ምዝገባው አመለጠው። ሲሻለው፣ "ጋሼ፣ ድጎማ የሚሉት እንዴት ሆነ?" ቢለው፣ ወንድሙ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ምን ድጎማ አለ? ወሬ ነው" አለው።

ደንቡ ግን ማን ምን እንደተቀበለ በአደባባይ እንዲነገር ያዛል። በገበያ ቀን የእርሻ ቢሮው ሠራተኛ በድምፅ ማጉያ የታላቅየውን ስም ሲጠራ፣ ድንች ይመዝን የነበረው ታናሹ ሚዛኑ ከእጁ ወደቀበት። ወይ ጉድ! የእናት ልጅ እንዲህ ይከዳል? እየሮጠ ወንድሙ ደጅ ደረሰ።

"ብላው ጋሼ! ብቻህን ብላው!"

"ስማኝ እንጂ፣ አንተ ልጅ..."

"ሰማሁ! አገር ነው የሰማው!"

ከዚያ ወዲያ ተኳረፉ። ታላቅየው ለካቡ ብቻውን ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ታናሹ የመዶሻውን ድምፅ ላለመስማት ጆሮውን ይደፍን ነበር። አንድ ጠዋት ድምፁ ቀረ... ቤት የሚያክል ቋጥኝ ተንዶ ወንድሙን ደረቱ ላይ ደቁሶት፣ "ወንድሜን አደራ!" እያለ ነፍሱ ወጣች! ለቀብር ለመጣው ሁሉ ታናሽየው ይህንኑ እየተንሰቀሰቀ ተናገረ።

ከቀብሩ ማግሥት ቀያሽ መጥቶ መሬቱን ለካ። ያ የሚያምር ካብ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የቆመው በታናሹ መሬት ላይ ነበር! ያን ጊዜ ተራራው ራሱ አለቀሰ!

"ለኔ ነው የካብከው! ለኔ ነው የሞትከው! እኔ ከንቱ... ጋሼዬ!" እያለ ድንጋዮቹን አቀፈ። አይ ዕድል! ፍቅርን የምትገልጪው ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው?

የሟች ሚስት የባሏን መዶሻ ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር።

"ተነሥ አንተ ልጅ" አለችው በዝግታ። "ቋጥኝም አልወደቀበትም። ደከመኝ ብሎ ቁጭ እንዳለ ነው የቀረው፤ አንድ ቃል አልተናገረም።"

"ካቡሳ፣ እትዬ? ለኔ ብሎ..."

"ጎርፉ ወሰኑን ስለወሰደው የራሱ መስሎት ነው። ድሮም በዚያች ወሰን ስትነታረኩ ነው የኖራችሁት። ገንዘቡንም ደብቆሃል።" መዶሻውን ካቡ ላይ አስቀመጠችው። "ለጋሼህ ከሆነ አልቅስ። ለካቡ ግን አታልቅስ።"