የከሚል ሳጥንና የሰዓዴ ስልክ

በሰው ፊት ያሳፈረችው ወንድ ፍቅር ይይዘኛል ብላ ሰዓዴ አስባ አታውቅም። ያውም ፊቱን እንኳ ሳታይ ያሳፈረችው።

የየመን ጦርነት በተፋፋመባቸው ዓመታት ነው። ከየመን ድንበር ወዲህ፣ በዓረብ አገር ጂዛን ያለ የወሎ ልጅ የሚሠርገው አርብ ከሰዓት፣ ከከተማ ወጣ ባለ እስትራሓ ውስጥ ነበር፤ እስትራሓ የሚሉት በቀን የሚከራይ፣ አጥሩ ረጅም የሆነ ቤት ነው። ሲመሽ መንገዱ ላይ ፍተሻ ይበዛል፤ ከሠርገኛው ግማሹ ደግሞ ኢቃማ የለውም፤ ያለ መኖሪያ ወረቀት ነው የሚኖረው። እንደ አገሩ ወግ ወንዶቹ በአንድ ክፍል፣ ሴቶቹ በሌላ ክፍል ይቀመጣሉ። ኦርጋኑ ወንዶቹ ጋ ነው። ሠርግ የሚያደምቁት ግን ሴቶች ስለሆኑ፣ የማይክሮፎኑ ገመድ ሁለቱን ክፍሎች በምታገናኘው ትንሽ መስኮት አልፎ ወደ እነሱ ይሻገራል። ዘፋኟና ተጫዋቹ ሳይተያዩ ነው አብረው የሚሠሩት።

የዚያን ዕለት ማይክሮፎኑን የያዘችው ሰዓዴ ነበረች። ጂዛን ከተማ አንዲት አስተማሪ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ኢቃማ ያላት፣ ድምፅዋ ጥሩ መሆኑን የምታውቅና ማወቋንም የማትደብቅ ልጅ ናት። ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ሳትጨርስ ድምፅዋ ተመልሶ መጣባት። ሁለተኛውን ስትጀምር የመጀመሪያው ገና እያስተጋባ ነው። ዘፈኗን አቋረጠችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አንተ ከግድግዳው ማዶ ያለኸው!» አለች በማይክሮፎኑ። «እኔ ሠርግ ቤት ነበርኩ። ጉድጓድ ውስጥ ምን ልሁን ብለህ ከተትከኝ? አውጣኝ!»

ሴቶቹ ፍርፍር ብለው ሳቁ። ከማዶም የወንዶች ሳቅ ተከተለ። ኦርጋኑ ዝም አለ። ቆየት ብሎ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ሳይቆጣ፣ «ወጥተሻል፤ ቀጥይ» አላት።

ቀጠለች። ማስተጋባቱ ጠፍቷል፤ ግን ጭራሽ ነው የጠፋው። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ድምፅዋን እንዲህ ራቁቱን ሰምታው አታውቅም፤ እልህ ይዟት ትንሽ ታገሠች፣ ከዚያ ማይክሮፎኑን ከአፏ አራቀችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«ትንሽ መልስልኝ» አለች በለሆሳስ።

ድምፅዋ ቀስ እያለ ሰፋ።

«ይበቃል?» አለ ከማዶ፣ እሱም በለሆሳስ።

«ይበቃል።»

የሚሰማ ሰው ነው፣ አለች በልቧ። ዘፋኝ የሚመኘው ደግሞ ከዚህ ሌላ ምንም የለም።

ሠርጉ ሲበተን ዕቃውን ዋኔት በሚሏት ትንሽ የጭነት መኪና ላይ ሲጭን አገኘችው። ስሙ ከሚል ነው። በየመን በኩል በእግሩ ተሻግሮ የገባ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲሚንቶ እያወረደ ከርሞ አርብ አርብ የሚጫወት ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ኦርጋን የሚለውን ዕቃ እሱ ሲንተሳይዘር ብሎ በሙሉ ስሙ ይጠራዋል። ከእሱ ይበልጥ የሚኮራባት ግን ጡብ የምታክል አንዲት የብረት ሳጥን ነበረች።

«ሪቨርብ ናት» አላት ሳጥኗን በሁለት እጁ አቅፎ። «ለድምፅ ቤት ትሰጠዋለች። ይቺን ጠምዘዝ ስታደርጊያት ጓዳ፣ ይቺን ስትጨምሪ አዳራሽ። ሲንተሳይዘር ያለ እሷ ቆርቆሮ ነው።»

«ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ብረት የምትሸከመው?» ስልኳን አወጣች። «እኔ እዚህች ውስጥ ስንት ዓይነት ክፍል እንዳለኝ ልንገርህ?»

«አፕ!» አለ፣ ስድብ እንደሚሳደብ።

«አዎ፣ አፕ። አይከብድ፣ ዋኔት አይፈልግ። ያሰኘኝን አዳራሽ በሥዕል እያየሁ እመርጣለሁ።»

«በጂዛን ሙቀት? ጣትሽ ላብ ሲይዘው እሺ አይልሽም። ደግሞ ይዘገያል። አንቺ ዘፍነሽ ስትጨርሺ እሱ ገና ይጀምራል። የእኔዋን ዓይኔን ጨፍኜ አዛታለሁ።»

«እሺ፣ ቤት ሳይኖርህ አዳራሽ ተሸክመህ ዙር!»

ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ከሚል ግን አልተቀየማትም። ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ሳቅ ነበር።

«ቤት ስላጣሁማ ነው የተሸከምኩት» አላት።

ባለ ዋኔቱ «ያላ! እንሂድ!» ብሎ ጥሩንባውን ባይነፋ ኖሮ እንደተያዩ ይቀሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በስልክ ሆነ። ሰዓዴ የማዳሟ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ ታንጎራጉራለች፣ በአፕዋ ታሰፋዋለች፣ ትልክለታለች። እሱ በሲንተሳይዘሩ አጅቦ፣ በሳጥኑ አሳልፎ ይመልስላታል። «የአንቺ የፕላስቲክ አዳራሽ ነው» ይላል። «የአንተ ሲፈጭ እንደሚውል ወፍጮ ይጮኻል» ትለዋለች። ሁለቱም ተሸነፍኩ አይሉም። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የእሱ ሳጥን ሙቀት አለው፣ የእሷ አፕ ጥራት አለው፣ እነሱም ይሄን ከገባቸው ቆይቷል። ክርክሩ እንዳያልቅባቸው ነው።

አንድ ቀን፣ «ዛሬ ምንም ሳትጨምሪ ላኪልኝ» አላት።

ስልኩን ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያ ድምፅዋን እንዳለ ላከችለት።

«ሰዓዴ» አላት፣ «ከእንግዲህ ለእኔ ስትልኪ እንዲህ አድርጊው።»

ወሬው ወንድሟ ሐሰን ጆሮ ገባ። ሐሰን ዋይት የሚሉትን የውኃ መኪና የሚነዳ፣ ኢቃማ ያለው፣ ራሱም ሊሠርግ ቀን የቆረጠ፣ እዚህ አገር ለእሷ አባትም እናትም የሆነ ሰው ነው። ጅዳ ውስጥ ሱቅ ያለው አብዱልከሪም የሚባል ጓደኛ አለው፤ እህቱን ለእሱ አስቧታል።

«ልጁ ክፉ ነው አላልኩም» አላት። «ግን ነገ ፍተሻ ላይ ቢይዙት በአውሮፕላን ጭነው ይመልሱታል። ያኔ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ያኔ እኔም ተከትዬው እሳፈራለሁ።»

«አፍሽ አይታክተውም!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁጥርሽን ለአብዱልከሪም ሰጥቼዋለሁ። ሠርጌ እስኪያልፍ አስቢበት። ሲደውል መልስሽን ራስሽ ስጪው።»

ይሄንኑ ለከሚል ነገረችው። ልቧ፣ ሄዶ ወንድሟን እንዲለማመጥላት ፈልጎ ነበር።

«አልለምነውም» አለ ከሚል። «ወረቀት የለኝም እንጂ ወግ አለኝ። ሽማግሌ ልኬ ቀና ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንቺን ግን አላስገድድም፤ ምርጫው ያንቺ ነው።»

ተናደደችበት። ንዴቷ ሲበርድላት ደግሞ፣ ቢለማመጥ ኖሮ እንደዚህ እንደማትወደው ገባት።

የሐሰን ሠርግ ድንበሩ አፍ ላይ ባለችው አል-ዓሪዳ ሆነ፤ የሙሽራዋ ዘመዶች እዚያ ተራራ ሥር እርሻ ላይ ይሠራሉ። ሰሞኑን ከድንበሩ ማዶና ማዶ መድፍ ሲያጓራ ይውላል። የጂዛን ኦርጋን ተጫዋቾች ሁሉ «ነፍሴን አልሸጥም» ብለው እንቢ አሉት። ሐሰን ጨንቆት ለከሚል ደወለ።

«ለሠርግ ነው፤ እመጣለሁ» አለው ከሚል።

መጣም። ፍተሻውን ሽሽት በፍየል መንገድ ሲንተሳይዘሩን ተሸክሞ፣ ሳጥኗን በሽርጡ አዝሎ፣ አቧራ ለብሶ መጣ። ሸህ ሸምሰዲን ኒካሑን አሰሩ። ሰዓዴ በትንሿ መስኮት ሾልካ ታያለች። ከሚል ገመዱን ሲዘረጋ ሐሰን፣ ሙሽራ ሆኖ መቀመጥ አቅቶት፣ ላግዝህ ብሎ የሳጥኗን ሶኬት ብድግ አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰካው።

የአገሩ አሮጌ ቤት ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አለው፤ አንዱ የግድግዳ መሰኪያ ደካማ፣ ሌላው ኃይለኛ። ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። ሳጥኗ ደካማውን ነበር የምትፈልገው። ጣ! አለች፤ ከጎኗ ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ክፍሉን ሞላው።

ሐሰን ሶኬቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምን ሆነ? ማነው?» አለ አንዱ።

ከሚል ሳጥኗን አየ፣ ሙሽራውን አየ። ሶኬቱን ከእጁ ቀስ ብሎ ተቀበለው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሳላይ ሰካሁት። ኸላስ፣ አለቀ፤ በሠርግ ቀን አይታዘንም።»

ሰዓዴ ከመስኮቱ ማዶ ሁሉንም አይታለች። ኩራት ደረቷን ሞላው፤ እንባዋም መጣ። ያቺ ሳጥን ለእሱ ምን እንደሆነች ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሙሽራ እንዳያፍር ብሎ እንዲህ በአንድ ቃል ሸኛት።

ከጡቷ ሥር ስልኳን አወጣች። ሴቶቹ እያዩ ነው። እነሱ ዘንድ ደግሞ ልጃገረድ ስልኳን ለባዳ ወንድ አትሰጥም፤ ሚስጥሯ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ስልኳን የሰጠች ልጅ ራሷን ሰጠች ማለት ነው። የሙሽራዋ አክስት ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«አንቺ፣ ሰው እያየሽ ነው!»

«ይየኝ» አለች ሰዓዴ። ስልኩን በመስኮቱ አሳለፈችው። «አፑ ተከፍቷል። አዳራሹን አንተ ምረጥ።»

ጣቶቹ ተቀበሉት። ያነካካቸው ነገር ቢኖር ስልኩ ብቻ ነው፤ እሷ ግን ፊቷ ጋለ። ከሚል ላቡን በሽርጡ ጠረገ፣ ማይክሮፎኑን በስልኩ አሳልፎ ከማጉሊያው ጋር አገናኘ፣ ሰዓዴም ጀመረች። ድምፅዋ ግቢውን ሞልቶ ወደ ተራራው ወጣ። መድፉ ቢያጓራም ባያጓራም የሰማው የለም። ሴቶቹ ጭብጨባውን፣ ወንዶቹ ጭፈራውን ያዙት።

ጭፈራው ሲግል ስልኩ ጠራ። ጥሪው በማጉሊያው ነው የወጣው፤ የእርሻው ፍየሎች ሳይቀሩ በረገጉ። ኦርጋኑ ቆመ። ከሚል ስልኩን አየ፤ አብዱልከሪም ይላል። ሐሰንም አጠገቡ ቆሞ አነበበ። ስልኩ ይጮኻል፣ ከሚል አልዘጋውም፣ አላነሳውም። በመስኮቱ ዘረጋላት።

«የሚፈልግሽ አለ» አላት።

ሰዓዴ ስሙን አየችው። ወንድሟ መልስሽን ራስሽ ስጪው ብሏት ነበር። ስልኩን አልተቀበለችም። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ዝጋው፣ ከሚል» አለች። ሠርገኛው ሁሉ ሰማ። «ዝጋውና አጫውተኝ።»

ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

ሐሰን እህቱን ያውቃታል፤ አልገረመውም። የገረመው ከፊቱ የቆመው ልጅ ነው፤ አሁንም አልተለማመጠውም፣ አሁንም ሶኬቱን ማን እንደሰካው ትንፍሽ አላለም።

«የሳጥንህን ነገር...» አለ ሐሰን።

«የዛሬ ቀን የአንተ ነው» አለው ከሚል። «ለእኔ ጉዳይ በሚቀጥለው አርብ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ላክ» አለ ሐሰን። ሄዶ ጭፈራው መሃል ገባ።

አርብ ደረሰ። የከሚል ሽማግሌዎች ሸህ ሸምሰዲንና ሁለት አዛውንቶች ነበሩ፤ ሦስቱም የአል-ዓሪዳ ነዋሪ፣ ሦስቱም ወረቀት የሌላቸው። መንገዱ በፍተሻ ተዘጋና ጂዛን መድረስ አቃታቸው። ሰዓዴ ሐሰን ቤት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ቁጭ ብላለች። ሰዓቱ አለፈ። ሐሰን ከወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጠና የዋይቱን ቁልፍ አነሳ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው።

«መጣሁ» አለና ወጣ።

የውኃ መኪናውን ፍተሻ ላይ ያሉት ወታደሮች ያውቁታል፤ የሚጠጡትን የሚያመጣላቸው እሱ ነውና ሳይፈትሹ ያሳልፉታል። ሲመለስ ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተጣበው ተቀምጠዋል። አንድ በአንድ ደግፎ አወረዳቸው፣ የሸሁን ጥምጥም አቃናላቸው፣ ከግቢው በር ውጭ አሰለፋቸው። ከዚያ እየሮጠ ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው። ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ጋቢውን አስተካከለ።

በሩ ተንኳኳ።

ሰዓዴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየችው። ቀና ብላለች፤ ሳቋን ግን በእጇ ይዛዋለች። ሐሰን በዓይኑ ተቆጣትና ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«ማነው?» አለ።