በሳሙና የታጠበው ጮጮ

መምህር ወልደሩፋኤል ነገሌ ቦረና ውስጥ በተከራየው ቤት ሞቶ ተገኘ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጓድ ኃይለመስቀል ከደጅ ቆሞ ሬሳውን አየና «በሽታው ነው የገደለው» አለ። በእሱ ደንብ ይህ ጥልቅ ምርመራ ነበር።

መርማሪዋ መቶ አለቃ እናትነሽ ግን ወደ ውስጥ ዘለቀች። አልጋው ሥር የፈሰሰ ወተት ላይ ዝንቦች ሞተዋል። ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ የከብት መዥገር መድኃኒት ነው። ወተቱ የመጣበት ዕቃ፣ ጮጮው፣ ግን ታጥቦ ጥግ ተቀምጧል።

ኃይለመስቀል ወዲያው ቃሉን ለወጠ። ወተቱን ማለዳ ማለዳ ደጁ ላይ የምታስቀምጠው ቦረናዋ ሸምሳ ናት፣ ያ መርዝም ከብት ካለው ሰው ቤት አይጠፋም አለ። ሸምሳ የምታጠባውን ልጇን እንዳዘለች ታሰረች። በነፍስ ግድያ ከተፈረደባት ልጁን የሚያሳድግላት አልነበረም።

እናትነሽ ሦስቱን ለየብቻ ጠየቀች። የሟች ሚስት ዘሪቱ ባሏ አፍንጫው መበስበስ ሲጀምር ጥላው ወጥታለች፤ ኃይለመስቀል «ቂጥኝ ነው» ብሎ ለከተማው ሁሉ አውርቶ ነበርና። ባሏ በጭስ ያልታጠነ ጮጮ ወተት በጠረኑ ለይቶ እንደሚመልስ ተናገረች። ሸምሳም መምህሩ የጮጮዋን ጭስ ሁልጊዜ እያደነቀ «ገለቶሚ» ብሎ እንደሚያመሰግናት ነገረቻት።

ኃይለመስቀል ስለ ራሱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ቦረናዎች ጮጮ በጭስ ማጠናቸው ኋላ ቀርነት ነው፣ በሳሙና ይታጠብ እያለ በየስብሰባው እንደሚያስተምር ገለጸ። ስለ ሟቹም «አልኮል ውስጥ የነከርኩትን ጥጥ አፍንጫው ሥር ብይዝለት ምንም አልሸተተውም። ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። እኔ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ነኝ» አለ።

በማግስቱ ሁሉንም መምህሩ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ይህ መርዝ ክፉኛ ይሸታል» አለች እናትነሽ። «ገዳዩ መምህሩ ማሽተት እንደማይችል ያውቃል። ሁለቱ ሴቶች አያውቁም፤ ሰውየው ጭሱን የሚለይ መስሏቸዋል። ያወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጓድ ኃይለመስቀል።»

«ሴቶች ይዋሻሉ» አለ።

«ጮጮው ግን አይዋሽም። በጤና ጣቢያችሁ ሳሙና ታጥቧል፤ ጠረኑ አሁንም አለበት። ሸምሳ ብትሆን ፍም አግማ ታጥነው ነበር። መረጃ ለማጥፋት ሲቸኩሉ እንኳ ትምህርትዎን አልረሱም።»

ለምን እንደገደለውም ተናገረች። አዲስ አበባ ሆስፒታል ደውላ አጣርታለች፤ ከመምህሩ አፍንጫ ሥጋ ተቆርጦ ሲመረመር ሊምፎማ የሚባል፣ አፍንጫ ላይ እምብዛም የማይታይ ካንሰር ሆኖ ተገኝቷል። ቶሎ ከታከመ ተስፋ አለው ተብሎ፣ ልብሱን ሊወስድና ዓመት ሙሉ ቂጥኝ ነው እያለ በከንቱ መርፌ የወጋውን ሰው ሊከስ ነበር ወደ ነገሌ የተመለሰው። ኃይለመስቀል ደግሞ ለአውራጃ ሹመት ታጭቷል፤ ክሱ ሹመቱን ያስቀርበት ነበር።

«ታዲያ ቂጥኝ አልነበረም?» አለች ዘሪቱ።

ኃይለመስቀል እጁ በካቴና ሲታሰር ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሁለቱ በሽታዎች ይመሳሰላሉ» አላት።

ዘሪቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። እናትነሽ ጮጮውን መልሳ ለሸምሳ ስትዘረጋላት፣ ሸምሳ አሸተተችና ኃይለመስቀል እግር ሥር አስቀመጠችው።

«እርስዎ ይውሰዱት» አለችው። «ከእንግዲህ ለልጅ ወተት አይቀዳበትም።»

ልጇን አስተካክላ አዘለችና ወጣች።