ጨው የበላው ቆዳ

ኢክላስ የምትሠራው ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው። ያን ቀን ጠዋት ለአንዲት እናት የልጃቸውን ሽሮፕ አወሳሰድ አስረድታ ቀና ስትል ፍቅረኛዋ ሙናዊር በሩ ላይ ቆሟል።

አሥራ አንድ ቀን ስልኩ ዝግ ነበር። ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ብርድ ልብስ በጅምላ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሮ ስለሚሠራ፣ ዕቃ ለማምጣት ድሬዳዋ እሄዳለሁ ሲላት አልተጠራጠረችም። አሁን ግን ፊቱ ከስሏል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ወደ ባንኮኒው ሲጠጋ እግሮቹን አራርቆ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየፈራ ነው።

ሴትየዋ ሽሮፑን ይዘው ወጡ።

«የከሰዓት ተረኛ መስለሽኝ ነበር» አለ።

«እኔ በሌለሁበት ልትመጣ ነበር?»

«ለተላጠ ቆዳ የሚቀባ ነገር ፈልጌ ነው።»

«የቱ ጋ?»

ዓይኑን ወደ መደርደሪያው አሸሸ። «ጭኔ ላይ። ብብቴ ሥርም። ልብሱ ፈግፍጎኝ ነው።»

«መግል ይዟል? ትኩሳትስ?»

«የለም። ይቆጠቁጣል እንጂ።»

«ክንድህን አንሳ።»

አነሳ። ከእጅጌው ሥር ቆዳው ደም መስሎ ቀልቷል። የሸሚዙን ስፌት ተከትሎ ነጭ ነገር ደርቋል። በጣቷ ፋቅ አድርጋ አየችው። ጨው ነው።

ታላቅ ወንድሟ በሽር ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ከኦቦክ ወደብ ጀልባ ተሳፍሮ እዚያው ባህር ላይ ቀርቷል። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

«ድሬዳዋ ባህር የለም፣ ሙናዊር።»

«አባትሽ ‹የራስህ ሱቅ ሳይኖርህ ልጄን አትጠይቀኝ› ካሉኝ በኋላ ሌላ መንገድ አልታየኝም። ሁለት ዓመት ሠርቼ ልመለስ ነበር።»

«በሽር በሄደበት?»

«አዎ።»

ከመደርደሪያው ያወረደችው የቅባት ዕቃ ከእጇ አምልጦ ባንኮኒው ላይ ተንከባለለ። «ጨርሰው» አለችው።

ጀልባው ወደ ዳር አልተጠጋም፤ ደላሎቹ ተሳፋሪዎቹን ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ድረሱበት አሏቸው። ሙናዊር ልጅ እያለ ዝዋይ አያቱ ዘንድ ዋና ስለተማረ ጥልቁን እየዋኘ ሄደና የጀልባውን ጠርዝ ያዘ። ውስጡ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። አንዱ ሊስበው እጁን ዘረጋለት።

«ያኔ ያንን ስልክ ስታነሺ ታየሽኝ» አለ። «የበሽርን መርዶ የሰማሽበትን። ጠርዙን ለቀቅኩት። ስመለስ ግን ማዕበሉ ወደ ኋላ ይስበኝ ጀመር፤ አልደርስም ብዬ ነበር። ከዚያ በዚያው እርጥብ ልብስ ሁለት ቀን የጭነት መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ።»

ኢክላስ ቅባቱን አነሳች። ስትናገር ድምፅዋ ለማንኛውም ደንበኛ የምትናገርበት ነበር።

«መጀመሪያ ጨውን በንጹህ ውሃ አስለቅቅ። አትሸው፤ በፎጣ ጫን ጫን እያደረግህ አድርቀው። ከዚያ ይሄን ቀባ። እስኪሽር ሱሪ ተውና ሽርጥ አገልድም። ካመረቀዘ ሐኪም ይየው።»

ይህ ድምፅ ከቁስሉ በላይ አመመው። «ኢክላስ...»

«ከዙህር ሶላት በኋላ ቤት ና። ለአባባ ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

«ያባርሩኛል።»

«ያባርሩህ ይሆናል። እኔ ግን ይህንን ደብቄ ከአባቴ ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም። ካልመጣህ ሁለተኛ እንዳትፈልገኝ።»

መጣ። ሽርጥ አገልድሞ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክንዱን ከጎኑ አርቆ። ኢክላስ የሳሎኑ በር ላይ ቆማ እጆቿን እርስ በርስ ጨብጣለች። አባቷ ጋሽ ሀምዳን ሶፋው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙት። በእጃቸው የሚቆጥሩት ሙስበሃ መሀል ላይ ቆመ።

ይጮኻሉ ብላ ጠበቀች። አልጮኹም።

«ጀልባው ምን ያህላል?» አሉ።

«ከዚህ ሳሎን ብዙም አይበልጥም፣ ጋሼ።»

«ውሃውስ? ይበርዳል?»

ሙናዊር ጥያቄው ስለ ማን እንደሆነ ገባው። «አይበርድም። ሞቃት ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ልጄን በርዶት ነበር እያልኩ ሦስት ዓመት አልተኛሁም» አሉ። መዳፋቸውን ከፊታቸው አነሱ። «እሱንም ‹እንደ ሰው ልጆች ሰው ሁን› እያልኩ የገፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ አንተን።»

«እኔ ነኝ የሄድኩት፣ ጋሼ። እርስዎ አልላኩኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሱቁ ሲመጣ ይመጣል። ጁምዓ ሽማግሌዎችህን ላክ።» ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሙናዊር መሬት መሬት እያየ ነው። ኢክላስ አሥራ አንድ ቀን የተዘጋውን ስልክ፣ የተላጠውን ቆዳውን፣ የአባቷን እርጥብ ዓይን አሰበች። በመጨረሻ ወደ እሱ ቀረብ አለች።

«ቀና በል» አለችው። ቀና አለ።

«ቂሜን አልጨረስኩም። ጊዜ ይፈጃል።»

«እጠብቃለሁ።»

«እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ይምጡ።»