እስከ ዘጠኝ ሰዓት በወንጪ

ኤልያብ ኮልፌ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። እኔ ሳንሱሲ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። የተዋወቅነው የቤተ ክርስቲያናችንን አግዳሚ ወንበሮች ሊጠግን የመጣ ዕለት፣ ምስማሩ ቀሚሴን የቀደደውን ወንበር እያሳየሁ ስጨቀጭቀው ነው። ከስምንት ወር በኋላ «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። «ልጸልይበት» አልኩት።

ለማስለመን አልነበረም። በፊት የታጨሁለት ሰው ነበር። ደስ ሲለው ማር ነው፤ ሲከፋው ግን ፌርማታ ላይ ገትሮኝ ይሄዳል። አንድ ቀን እንደሄደ ቀረ። ስለዚህ ሦስት ቀን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እህል ውሃ ሳልቀምስ ልጾም ወሰንኩ። ልመናዬ አንድ ብቻ ነበር፦ ጌታ ሆይ፣ ይሄ ሰው ሲከፋው ምን እንደሚሆን አሳየኝ።

በሁለተኛው ቀን ደወለ። «ርሆቦት፣ ነገ ወንጪ እንሂድ። መልስሽንም እዚያው ትነግሪኛለሽ።»

ለእግዚአብሔር የተባለ ቀን አይቀየርም። ልነግረውም አልቻልኩም፤ እኛ ዘንድ የጾመ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ይወጣል እንጂ ጾሜያለሁ ብሎ አያወራም። «እሺ» አልኩ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አየር ጤና ተገናኘን። ትልቅ ምሳ ዕቃ ይዟል።

«ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ» አለ። «እማዬ ናት። ርሆቦት ሳትጨርሰው እንዳትመጣ፣ ባዶውን ነው የምፈልገው ብላኛለች።»

ሆዴ ጮኸ። የእናቱ የወይዘሮ ዓለም ቆጮ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እሳቸው ዘንድ ደግሞ ምግባቸውን የገፋ ሰው እሳቸውን ገፋ ማለት ነው።

ወሊሶ ስንደርስ ሻይ ሊያዝልኝ ሲል «አልፈልግም» አልኩት። ከወሊሶ በያዝነው መኪና ውስጥ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ «ቅመሺ» አለኝ። «በኋላ።» ወንጪ አፋፉ ላይ ቆመን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቀርብልኝ ረሃቡ ራሱ ተናገረ።

«አልበላም አልኩህ እኮ!»

ኤልያብ ክዳኑን ቀስ ብሎ ገጠመው። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ።

ከእግራችን ሥር የተራራው አፍ ተከፍቷል። ድሮ እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ ነው፤ ዛሬ ሆዱ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል፣ ዳር ዳሩን እንሰትና ገብስ። ሰው ይሄን ለማየት ከስንት አገር ይመጣል። እኔ ግን የማየው ኤልያብን ነበር። ይኸው ከፋው፤ አሁን ምን ያደርጋል?

«መልስሽ ይሄ ከሆነ ገብቶኛል» አለ።

«መልሴ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ዓይኔን ወደ ሐይቁ መለስኩ። እሱም ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እንባዬ መጣ። ያው ነው፣ ሁሉም ያው ነው አልኩ በልቤ።

ሲመለስ አንድ ፈረስና ባለፈረሱን፣ ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አስከትሏል።

«ቁልቁለቱ ሩቅ ነው። አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ በእግሬ እወርዳለሁ» አለኝ፣ ሳያየኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ እንደተቀየመኝ ወረድን። ግን ድንጋይ በበዛበት ሁሉ ልጓሙን ከጋሽ ቶሎሳ እጅ ተቀብሎ ራሱ ይመራ ነበር። ታች ፍል ውሃው ጋ ደርሰን ከፈረሱ ስወርድ ዓይኔ ጨለመብኝ። ሳልወድቅ ደረሰልኝ።

«ታመሽ ነው? ለምን አትነግሪኝም?»

ጋሽ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «አልታመመችም፣ ልጄ። ከንፈሯን አታይም? ጾማ ነው። እኛም ለፍልሰታ እንዲህ ነው የምንደርቀው።»

«እውነት ነው?» አለኝ ኤልያብ።

«አዎ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ አንተ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ደግሞ የእናቴን እጅ የጠላሽ መስሎኝ…» ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «ስንት ሰዓት ነው የምትፈቺው?»

«ዘጠኝ።»

ስልኩን አየ። «ስምንት ከሩብ ነው። እንጠብቃለን።»

«አንተ ብላ እንጂ።»

«ብቻዬን በልቼ እማዬን በምን ዓይኔ ላያት ነው?»

ምሳ ዕቃውን በፌስታል ጥብቅ አድርጎ አሰረና ፍል ውሃው ውስጥ በድንጋይ ደገፈው። «እሳቱ ጠፍቷል ያለው ማነው?» ሲል ጋሽ ቶሎሳ ሳቁ። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ይነግረኝ ጀመር፤ ከእኔ ይልቅ የራበው እሱ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይናችንን ጨፍነን ጸለይን። ጸሎቱን ያሳጠረው እሱ ነው። ቆጮው ለብ ብሏል። ለጋሽ ቶሎሳም ደረሳቸው።

«መልሴን አትጠይቀኝም?» አልኩት አፌን ሞልቼ።

«መጀመሪያ ብዪ።»

እንደምወደው ያወቅሁት ቀሚሴ የተቀደደ ዕለት ነው። እንደማልፈራው ያወቅሁት ግን ያኔ፣ ፍል ውሃው ዳር ነው።

የተጠረገውን ምሳ ዕቃ ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«የእማዬ ነው እኮ! ባዶውን አምጣ ብላኛለች።»

«አውቃለሁ። አጥቤ እኔው እመልስላቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሽማግሌዎችህ እኛ ቤት በመጡ ማግስት።»

ዳገቱን ስንመለስ ፈረሱ ባዶውን ከፊታችን ሄደ። እኛ ጎን ለጎን በእግራችን ወጣን።